«እስራኤል ሁሉ ይድናል»፦ ለማን የተጻፈ ቃል ነው?

ጥያቄ፦ በቤት ለቤት ኅብረታችን ሮሜ 11ን ስናጠና «እንደዚሁም እስራኤል ሁሉ ይድናል» የሚለው ቃል አከራከረን። አንዱ ወንድም «እስራኤል አሁን ቤተ ክርስቲያን ናት» አለ። አንዲት እህት «አይሁድ በአባቶቻቸው ቃል ኪዳን ይድናሉ፤ ወንጌል መናገር አያስፈልግም» አለች። ሌላው ደግሞ በ1948 የተመሠረተችው አገር የትንቢቱ ፍጻሜ ናት ብሎ ዓመት መቁጠር ጀመረ። እኔ የምኖረው እስራኤል ነው፤ የምንከባከባቸው አዛውንት አይሁዳዊት ናቸው። መጽሐፉ በእርግጥ ምን ይላል? እኔስ ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ እህታችን፣ ሦስቱም ወገኖች ጥቅስ ይዘው ነው የተከራከሩት። ችግሩ ሁሉም ከያዙት ጥቅስ ቀጥሎ ያለውን አለማንበባቸው ነው። የራሴን አቋም ላስቀድምና ወደ ማስረጃው ልሂድ። እኔ እንደማነበው በሮሜ 11፥26 «እስራኤል» የተባለው ጳውሎስ ራሱ የተወለደበት፣ በሥጋ የአብርሃም ዘር የሆነው ሕዝብ ነው። የሚድነውም አሕዛብ በዳኑበት በዚያው በክርስቶስ ነው። ቀኑን ጳውሎስ አልነገረንም። የተጨነቀበት ጉዳይ ሌላ ነበርና፦ ስለ አይሁድ ይናገር እንጂ የሚናገረው ለእኛ ነው። በ11፥13 «ለእናንተም ለአሕዛብ እናገራለሁ» ይላል። የተናገረበትም ምክንያት ትዕቢታችን ነው። ይህን የዘነጋ አንባቢ ምዕራፉን ስለ ሌላ ሰው ብቻ እንደ ተጻፈ አድርጎ ያነበዋል፤ ከዚያም ወይ የአይሁድን ርስት ይወርሳል፣ ወይ የቀን መቁጠሪያ ያወጣል።

እስቲ መልእክቱ ወደ ተላከላቸው ሰዎች እንሂድ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ጳውሎስ ይህን የጻፈው በ57 ገደማ፣ ቆሮንቶስ በጋይዮስ ቤት በእንግድነት ተቀምጦ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት በ49 ነው ይላሉ፣ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድን ከሮም አስወጥቶ ነበር፤ አቂላና ጵርስቅላ ወደ ቆሮንቶስ የመጡት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ የሐዋርያት ሥራ 18፥2 ይነግረናል። አይሁዳውያን አማኞች ሲወጡ የሮም ጉባኤ ከአሕዛብ በመጡት እጅ ቀረ። በ54 ቀላውዴዎስ ሞቶ ኔሮን ሲነግሥ የተባረሩት ይመለሱ ጀመር፤ አቂላንና ጵርስቅላንም በሮሜ 16፥3 እንደ ገና ሮም ውስጥ እናገኛቸዋለን። የእምነቱ ቀዳሚዎች የነበሩት ሰዎች ሲመለሱ የተቀበላቸው በሌሎች ልማድ የሚመራ ጉባኤ ነው። ምዕራፍ 14 ላይ ስለ መብልና ስለ ቀናት የምናነበውን ንትርክ ብዙ ተመራማሪዎች ከዚህ ታሪክ ጋር ያያይዙታል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። የአሕዛብ ወገኖች «እግዚአብሔር እነርሱን ትቶ እኛን ያዘ» ቢሉ የሚያስደንቅ አልነበረም። ቄሣር ያባረረውን ሕዝብ እግዚአብሔርም ያባረረው ይመስል ነበር።

ጳውሎስ በምዕራፍ 9 በኀዘን ይጀምራል። ስለ ወንድሞቹ ሲል እርሱ ራሱ ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ ቢሆን እስከ መመኘት ይደርሳል። ከዚያ «ከእስራኤል የሚወለዱ ሁሉ እስራኤል አይደሉምና» ይላል፤ የመጀመሪያው ወንድም የያዘው ጥቅስ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን እዚያ ላይ ጳውሎስ የሚለየው በእስራኤል ውስጥ ያሉትን ነው፦ ይስሐቅን ከእስማኤል፣ ያዕቆብን ከዔሳው። አሕዛብን ገና አላስገባም። በምዕራፍ 10 እስራኤል ወንጌሉን ሰምቶ እንዳልታዘዘ ይከሳል። በ11፥1 ደግሞ አንባቢው እየጠበቀ የነበረውን ጥያቄ ራሱ ያነሣዋል፦ «እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣላቸውን?» መልሱ «አይደለም» ነው። ማስረጃውም እርሱ ራሱ ነው፤ ከብንያም ነገድ የሆነ እስራኤላዊ። በኤልያስ ዘመን በዓል ለተባለው ጣዖት ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ነበሩ፤ አሁንም በጸጋ የተመረጡ ቅሬታዎች፣ ማለትም ከሕዝቡ የተረፉ ጥቂት አማኞች፣ አሉ።

ጉዳዩ በቅሬታዎቹ ቢያበቃ ኖሮ ምዕራፉ ቁጥር 10 ላይ መዘጋት ይችል ነበር። ግን በቁጥር 11 ሌላ ጥያቄ ተከተለ፦ የተሰናከሉት ሊወድቁ ነውን? አሁንም መልሱ «አይደለም» ነው። በቁጥር 12 ስለ መሙላታቸው፣ በቁጥር 15 ስለ መመለሳቸው ይናገራል፤ ይህም «ከሙታን ከሚመጣ ሕይወት» የሚያንስ አይሆንም ይላል። ቅሬታው ዛሬም አለ፤ መሙላቱ ግን ገና የሚጠበቅ ነው። ይህን እርምጃ ልብ ካላልን ቁጥር 26 ድንገት የተወረወረ ቃል ይመስለናል።

ከዚያ የወይራው ምሳሌ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። ሥሩ የአባቶች ጥሪና ተስፋ ነው። ከተፈጥሮ ቅርንጫፎች አንዳንዶቹ በአለማመን ተሰበሩ። የበረሃ ወይራ የሆኑት አሕዛብ በእምነት በመካከላቸው ገቡ። ገበሬ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከመልካሙ ዛፍ ቆርጦ በዱሩ ግንድ ላይ ያዳቅላል፣ መልካም ፍሬ የሚገኘው እንደዚያ ነውና። ጳውሎስ ግን ከዱሩ ተቆርጦ በመልካሙ ገባ ይላል። አንዳንዶች «የከተማ ልጅ ስለ ነበር እርሻ አያውቅም» ብለው አፊዘውበታል፤ እርሱ ግን በቁጥር 24 ነገሩ «ከባሕርይ ውጭ» እንደ ሆነ ራሱ ይናገራል። አለመገጣጠሙን አውቆ ነው የጻፈው፤ የአሕዛብ መግባት ማንም ገበሬ የማያደርገው ምሕረት መሆኑን ሊያሳይ ነው። በቁጥር 18 ያለውን ቃል በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተጽፎ ባየው ደስ ይለኛል፦ «ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም።»

የኅብረትዎን ክርክር በዚህ ዛፍ ይፈትኑት። ቤተ ክርስቲያን የእስራኤልን ቦታ ወሰደች ለማለት ዛፉ ተቆርጦ ሌላ መተከል ነበረበት፤ ጳውሎስ ግን ዛፉን አልቆረጠም። አይሁድ በራሳቸው መንገድ፣ አሕዛብ በክርስቶስ ይድናሉ ለማለት ደግሞ ሁለት ዛፎች ያስፈልጋሉ፤ ጳውሎስ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። የተሰበሩት ይመለሳሉ፤ የሚመለሱትም በቁጥር 23 እንዳለው «በአለማመናቸው ጸንተው ባይኖሩ» ነው።

የመጀመሪያውን አስተያየት ትንሽ ላክብረው፤ ከንቱ ንግግር አይደለምና። ቤተ ክርስቲያንን «እስራኤል» ብሎ መጥራት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ባደረገው ክርክር ላይ በግልጽ ይገኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ መሪው ካልቪን ይህንኑ ቁጥር 26 ሲተረጉም «እስራኤል» የሚለው ቃል ከአይሁድም ከአሕዛብም የተሰበሰበውን የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ያጠቃልላል ብሏል። በእኛም የቤተ ክርስቲያን አነጋገር «እስራኤል ዘሥጋ» እና «እስራኤል ዘነፍስ» የሚለው አከፋፈል የታወቀ ነው። ትምህርቱ መሠረት አለው፤ በገላትያ 3፥29 የክርስቶስ የሆነ የአብርሃም ዘር ነው፤ 1ኛ ጴጥሮስ 2፥9 በሲና ለእስራኤል የተነገረውን ቃል ለአማኞች ያውላል። በዚህ ቁጥር ላይ ግን አይሠራም። በቁጥር 25 ድንዛዜ የወደቀበት «እስራኤል» አይሁድ መሆኑን ማንም አይክድም፤ በቁጥር 26 ትርጉሙ ሳይታሰብ ሊለወጥ አይችልም። በቁጥር 28 ደግሞ «በወንጌልስ በኩል ስለ እናንተ ጠላቶች ናቸው፥ በምርጫ በኩል ግን ስለ አባቶች ተወዳጆች ናቸው» ይላል። በወንጌል በኩል ጠላት የሆነች ቤተ ክርስቲያን ማን ናት? ካልቪን ታላቅ ተርጓሚ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ንባቡን የቀደመበት ይመስለኛል።

በኅብረትዎ ያልተነሣ፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ሌላ ንባብ አለ። እንደ ባቪንክና ሪደርቦስ ያሉ የኔዘርላንድ የተሐድሶ ሊቃውንት «እስራኤል ሁሉ» ማለት በየዘመኑ የሚያምኑት አይሁዳውያን ቅሬታዎች ድምር ነው ይላሉ። ጥሩ ነጥብ ይዘዋል፦ ጳውሎስ «እንደዚሁም» አለ እንጂ «ከዚያ በኋላ» አላለም፤ የሚናገረው ስለ አኳኋን ነው። አሕዛብ ሲገቡ እስራኤል ይቀናል፣ በቅንዓቱም ይመለሳል፤ መንገዱ ይህ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን በየዘመኑ ጥቂቶች ማመናቸው በጳውሎስ ጊዜ የታየ ነገር ነው፤ እርሱ ራሱ በቁጥር 5 ተናግሮታል። የታየን ነገር በቁጥር 25 «ምሥጢር» ብሎ ማስታወቅ ምን ያስፈልገው ነበር? ደግሞም በዚያው ቁጥር «የአሕዛብ ሙላት እስኪገባ ድረስ» የሚለው ቃል ድንዛዜው ወሰን እንዳለው ያሳያል። ስለዚህ ከቅሬታው ያለፈ፣ ሕዝቡን እንደ ሕዝብ የሚነካ መመለስ ይጠበቃል ከሚሉት ጋር እቆማለሁ።

«ሁሉ» ሲባል እያንዳንዱ ሰው ማለት ነውን? አይደለም። በ1ኛ ነገሥት 12፥1 ሮብዓምን ሊያነግሥ «እስራኤል ሁሉ» ወደ ሴኬም መጣ፤ በየቤቱ የቀረ ሕፃንና በሽተኛ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የአይሁድ የሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና፣ በ200 ገደማ የተጠናቀረው፣ «እስራኤል ሁሉ በሚመጣው ዓለም ዕጣ አላቸው» ካለ በኋላ ወዲያው ዕጣ የሌላቸውን መዘርዘር ይጀምራል። አነጋገሩ ስለ ሕዝቡ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጥቅስ ተነሥቶ ስለ አንድ ግለሰብ፣ ስለ እርስዎም አዛውንት ቢሆን፣ መጨረሻውን መናገር አይቻልም።

ይህ ንባብ ትናንት ከአሜሪካ የመጣ ነው ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። አባቶችን ቢመለከቱ ይደነቁ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ በሮሜ ስብከቱ የአሕዛብ ሙላት ከገባ በኋላ እስራኤል እንደሚድን አስተምሯል። ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ እስራኤል በመጨረሻ፣ ከአሕዛብ ቀጥሎ እንደሚጠራ ጽፏል። አውግስጢኖስ ሚልክያስ 4፥5ን ይዞ ነቢዩ ኤልያስ ከፍርድ ቀን በፊት መጥቶ አይሁድን ወደ እውነተኛው መሲሕ እንደሚመልስ በእግዚአብሔር ከተማ መጽሐፉ በ20ኛው ክፍል ያስረዳል፤ በምእመናን ዘንድ የታወቀ ተስፋ መሆኑንም ይጨምራል። የሚያሳዝነው ይህ ተስፋ አንደበታቸውን ሁልጊዜ አለመግራቱ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ራሱ በ386ና 387 በአንጾኪያ ወደ ምኵራብ የሚሄዱ ክርስቲያኖችን ሲገሥጽ ስለ አይሁድ የተናገራቸው ቃላት ከብዙ ዘመን በኋላ ለክፉ ሥራ ማጽደቂያ ሆነዋል። ሉተርም እንዲሁ፤ በወጣትነቱ መመለሳቸውን ተስፋ አድርጎ በ1543 ግን ምኵራቦቻቸው እንዲቃጠሉ ጻፈ። ሁለቱም ሮሜ 11ን አሳምረው ያውቁ ነበር።

የእህትዎን አስተያየት በቀላሉ አልገፋውም፤ ከጀርባው የስድስት ሚሊዮን ሰዎች ሞት አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ አይሁድ ሲያስተምሩት የኖሩትን መርምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ይህንኑ የሮሜ 11 ቃል መሠረት አድርጎ አይሁድን እግዚአብሔር የጣላቸው ወይም የረገማቸው አድርጎ ማቅረብ እንደማይገባ አወጀ። ትክክል ነው። ከዚያ አልፈው የሄዱ አሉ። በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው፣ በኋላም የስቶክሆልም ጳጳስ የሆነው ክሪስተር ስቴንዳል ከሮሜ 10፥18 እስከ 11፥36 ድረስ የኢየሱስ ስም አለመጠራቱን አስተውሎ፣ ጳውሎስ የእስራኤልን መዳን ለእግዚአብሔር ምሥጢር ትቶታል፣ ክርስቲያኖችም አይሁድን ለመለወጥ መሯሯጥ የለባቸውም አለ። ሌሎች ይህን «ልዩ መንገድ» ወደሚል ትምህርት አሳደጉት። አስተውሎቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ጳውሎስን አይመስልም። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ በ9፥3 ያን ያህል ለምን አዘነ? በ10፥12 «በአይሁዳዊና በግሪክ ሰው መካከል ልዩነት የለምና» ያለው ስለ መዳን ነው። በ11፥26 ከጽዮን ይወጣል የተባለው መድኃኒት ማን እንደ ሆነም ለሮም አማኞች የሚያሻማ አልነበረም።

ወደ 1948 ልምጣ። ዓመት የሚቆጥረው ወንድም፣ አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ የአየርላንዱ ሰባኪ የጆን ዳርቢ ደቀ መዝሙር ነው። ዳርቢ (1800–1882) እስራኤልንና ቤተ ክርስቲያንን ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች አድርጎ ለየ፤ የቤተ ክርስቲያን ንጥቀት (አማኞች ወደ ሰማይ መነጠቃቸው)፣ ቀጥሎ መከራ፣ ከዚያም የእስራኤል መመለስ የሚል ቅደም ተከተል አወጣ። ትምህርቱ በ1909 በታተመው በስኮፊልድ ማብራሪያ መጽሐፍ ቅዱስ አማካይነት ዓለምን አዳረሰ፤ በሚሲዮናውያን፣ በትራክትና በቴሌቪዥን ሰባኪዎች በኩል ወደ እኛም ገባ። በግንቦት 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ ለብዙዎች ማኅተም መሰለ። አንድ ትውልድ 40 ዓመት ነው ብለው ደምረው 1988ን የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። 1988 መጣ፣ ሄደ።

የአይሁድ ሕዝብ ከዚያ ሁሉ ስደትና እልቂት በኋላ መኖሩ፣ ወደ አባቶቹም ምድር መሰብሰቡ እግዚአብሔር አይቶ ያለፈው ነገር ነው ብዬ አላምንም። ሕዝቅኤል 36ና 37ን ያነበበ ሰው ቢደነቅ አልወቅሰውም። በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰዱ ኢሳይያስ 11፥11ን ያስታወሱም ነበሩ፤ ጥቅሱ ኢትዮጵያን በስም ይጠራልና። ነገር ግን በሮሜ 9–11 ውስጥ ስለ ድንበር፣ ስለ ሠራዊት፣ ስለ መቅደስ መሥራት አንድ ቃል የለም። በ9፥4 የእስራኤልን ስጦታዎች ሲዘረዝር እንኳ ምድሪቱን ለይቶ አልጠራትም። በ11፥26–27 ያገናኛቸው ሁለቱ የኢሳይያስ ቃሎች፣ ምዕራፍ 59ና ምዕራፍ 27፣ የሚናገሩት ስለ ኃጢአት መወገድ ነው። መዳኑ ያ ነው። ስለዚህ ሮሜ 11ን ይዞ የአንድን መንግሥት ፖሊሲ መባረክም ሆነ መርገም ከጽሑፉ ውጭ መውጣት ነው። ነቢያት ራሳቸው ምርጫን ከፍርድ መሸሸጊያ አላደረጉትም። አሞጽ 9፥7 «የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ሲል እኛ ስማችን ተጠራ ብለን እንደሰታለን፤ ሲነገር ግን ለሰሚዎቹ መራራ ተግሣጽ ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር፣ ቢከፋም ይክፋ። እስራኤልን እንወዳለን የሚሉ አንዳንድ ሰባኪዎች ዘካርያስ 13፥8ን ወደ ፊት ወስደው ከአይሁድ ሁለት ሦስተኛው በመከራው ዘመን እንደሚያልቅ ያለ አንዳች ኀዘን፣ በሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሣሉ ያስተምራሉ። ጳውሎስ ስለዚህ ሕዝብ ሲናገር ነፍሱን ሊሰጥ ተመኘ። ያለ እርሱ ኀዘን የእርሱን ትንቢት መያዝ አይቻልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ከአውሮፓውያን ይልቅ ይቀርበናል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ መምጣቱን፣ ክብሩም ከእርሷ ጋር መተላለፉን ይተርካል። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥር ነበር። በዚህ ታሪክ ያደገ ሕዝብ «እስራኤል እኛ ነን» ሲል አይቸገርም፤ ለአባቶቻችንም መጽሐፍ ቅዱስን የራሳቸው አድርገው እንዲያነቡ ረድቷቸዋል። ሌላው ገጹ ግን በዚያው አገር፣ በጎንደርና በአካባቢው፣ ኦሪትን የሚጠብቁ ቤተ እስራኤላውያን ጎረቤቶቻችን መኖራቸው ነው። በትውፊት ዐፄ ይስሐቅ (1414–1429) የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው እንዳወጁ ይነገራል። ርስት አልባ ሆነው በሸክላና በብረት ሥራ ሲኖሩ «ቡዳ» ተባሉ። «በቅርንጫፎች ላይ አትመካ» የሚለው ቃል በእኛ አገር የተጣሰው በቤት ውስጥ ነው።

ከውጭም የመጣ አለ። በለንደን በ1809 የተቋቋመው ወንጌልን በአይሁድ መካከል የሚያስፋፋ ማኅበር፣ ራሱ ከአይሁድ ወገን የነበረውን ሄንሪ አሮን ስተርንን በ1860 ወደ ኢትዮጵያ ላከ። የማኅበሩ ደጋፊዎች የአይሁድ መመለስ ዘመኑን ያቀርባል ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የሚያምኑት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ በሚል ሁኔታ ፈቀዱ፤ ስተርን በኋላ በ1863 ታስሮ የተፈታው በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ነው። ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬም «ፈላሻ ሙራ» እየተባሉ በሁለት ወገን ጥርጣሬ መካከል ይኖራሉ። እርስዎ በሚኖሩበት አገር ከእነርሱ አንዳንዶቹን ሳያገኙ አይቀሩም። ስለ አይሁድ መዳን ሲያወሩ በጆሯቸው ምን እንደሚሰማ ያስቡ።

«እኔስ ምን ላድርግ?» ብለዋል። ለአይሁዳዊ ስለ ክርስቶስ መናገር አይገባም የሚለውን አልቀበልም፤ ጳውሎስ በየከተማው መጀመሪያ የሚገባው ወደ ምኵራብ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ያሉበት ቦታ ከእርሱ ይለያል። እርሱ ለራሱ ወገን፣ በራሱ ወገን ቋንቋ ነበር የሚናገረው፤ ከኋላውም በግድ የተጠመቁ ትውልዶች መታሰቢያ አልነበረም። ከኋላችን ግን አለ፤ በ1492 ስፔን አይሁዶቿን «ተጠመቁ ወይም ውጡ» ያለችው በመስቀል ስም ነው። ደግሞ እርስዎ የአንዲት በእርስዎ እጅ የሚረዱ አዛውንት ተንከባካቢ ነዎት። በእንክብካቤ ላይ ያለ ሰው ለመስማት የተገደደ ሰው ነው። በጥቅም እየደለሉ ሃይማኖት ማስለወጥ በእስራኤል ሕግ የተከለከለ መሆኑንም ይወቁ፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ለወንጌል የሚገባ ሥራ አይደለም። ከጠየቁዎት ሳያፍሩ፣ በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 እንደተባለው በየዋህነት ይመልሱ። ካልጠየቁዎት በ10፥1 ጳውሎስ ያደረገውን ያድርጉ፤ ይጸልዩላቸው። ሰንበታቸውን፣ ምግባቸውን፣ የመብራት ማብሪያቸውን ሰዓት ያክብሩላቸው። ሲጸልዩም ከጎናቸው ይቀመጡ፤ መዝሙረ ዳዊት የእነርሱም የእርስዎም መጽሐፍ ነው።

ጳውሎስ ራሱ ይህን መልእክት የጻፈው ከመቄዶንያና ከአካይያ አሕዛብ የተሰበሰበ ገንዘብ ይዞ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች አይሁዳውያን አማኞች ሊያደርስ ሲነሣ ነው፤ በ15፥27 አሕዛብ ባለ ዕዳ መሆናቸውን ይናገራል። ከሮም ወደ እስፓንያ መሄድ ቢፈልግም መጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም መውረድን መረጠ፤ እዚያም ታሰረ።

ለኅብረትዎ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትገናኙ ከ9፥1 እስከ 11፥36 ያለውን አንድ ሰው ጮክ ብሎ ሳያቋርጥ ያንብብላችሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ በፊት ማንም አይከራከር። ዓመት ለሚቆጥረው ወንድምም ይህንኑ ጥያቄ ሐዋርያት ራሳቸው ከዕርገት በፊት ለጌታ ጠይቀውት እንደ ነበር ይንገሩት፤ መልሱ በሐዋርያት ሥራ 1፥7 ይገኛል። እህትዎ በ9፥3 ላይ፣ «እስራኤል ቤተ ክርስቲያን ናት» ያለው ወንድም ደግሞ በ11፥28 ላይ ሐሳባቸውን ይስጡ። እነርሱ የሚሰጡትን መልስ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ምዕራፍ 9ን በሚመለከት በተለይ ስለ ሸክላ ሠሪው ምሳሌ ጥያቄ እንደሚነሣ እጠብቃለሁ፤ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ረጅም ምላሽ ይፈልጋል።